«እንብላ» የሚባልበት ባቡር

ባለፈው ሐሙስ ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ በእግሬ እየሄድኩ ነበር። ለገሃር ጋ፣ ልክ አንበሳው ሐውልት ፊት ስደርስ ስልኬ ጮኸ። የድሬዳዋዋ አክስቴ ናት። ልጇ ወልዳለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት አራስ ልጠይቅ እሄዳለሁ። «በባቡር ነው የምመጣው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «አቦ ጥሩ ነው፣ ግን ከማታው ጀምሮ ውሃ እንዳታበዢ» አለችኝ።

ይቺን ምክር በሕይወቴ ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ! እናቴ ትላታለች። አያቴም ትላት ነበር። ሩቅ መንገድ ስትወጪ ውሃ አትጠጪ፣ ሾርባ አትንኪ፣ የጠዋት ሻይ እንኳ ግማሽ ብርጭቆ ይበቃል። ምክንያቱን ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም፣ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። መንገድ ላይ ሽንት ቤት የለም። ካለም የሚገባበት አይደለም። ስለዚህ እናቶቻችን ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ድረስ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ራሳቸውን እያመማቸው፣ በጥማት ይጓዛሉ። ይሄን ደሞ እንደ ጨዋነት ነው የምንቆጥረው።

ስልኩን ዘግቼ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ሕንፃ ሳየው ቆየሁ። ይሄን ጽሑፍ ለመጻፍ የወሰንኩት እዚያው ቆሜ ነው። ስለ ባቡር ሲወራ ሁልጊዜ ወሬው ስለ ጭነት፣ ስለ ወደብ፣ ስለ ፍጥነት ነው። ሰውስ? ተሳፍሮ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጥ ምን ይበላል? እጁን የት ይታጠባል? ሽማግሌው የት ጋደም ይላል? እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ግን የአንድ አውቶቡስ ጉዞ ልንገራችሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነው፣ ከእናቴ ጋር ወደ ድሬ እየሄድን። እናቴ ስኳር አለባት። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሳን። መድኃኒቷን እንደ ልማዷ ወሰደች፤ ቁርስ ግን «መንገድ ላይ እበላለሁ» ብላ ሁለት ጉርሻ ብቻ ቀመሰች። ውሃውን ያው በአያቴ ሕግ ነው። አውቶቡሱ ለቁርስ ይቆማል የተባለበት ቦታ ሳይቆም አለፈ። ረዳቱን ጠየቅነው፣ «ቀጥሎ» አለን። ቀጥሎም አለፈ። በመጨረሻ ሲቆም አምስት ሰዓት አልፏል። ምግብ ቤቱን ሹፌሩና ረዳቱ ያውቁታል፤ እነሱ ወደ ጓዳ ገቡ፣ እኛ ወረፋ ያዝን። ቀኑ ዓርብ ነው። ያለው ጥብስና ቅቅል ብቻ ነው። «የጾም የለም ወይ?» ስላት አስተናጋጇ «ሽሮ ይሠራል፣ ግን ጊዜ ይፈጃል» አለችኝ። የተሰጠን ሃያ ደቂቃ ነው።

እናቴ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም ነበር። ባዶ እጄን ስመለስ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። የቦርሳዋን ዚፕ ለመክፈት ትሞክራለች፣ ጣቶቿ ግን ዚፑን አይዙትም። ስጠራት ዘግይታ ዞረች፤ ስታየኝ የምታውቀኝ አትመስልም። ከኋላችን የተቀመጠች ልጅ፣ ዕድሜዋ ሃያ ቢሆን ነው፣ ምንም ሳትጠይቅ የጀመረችውን ሚሪንዳ አቀበለችኝ። «አንዴ ጎንጨት ያድርጉ፣ እማማ» አለቻት። ከዚያ ከፌስታሏ ቴምር አወጣች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እናቴ ወደ ራሷ ተመለሰች። ልጅቷን እስከ ድሬ ድረስ ስትመርቃት ነበር።

በኋላ ሐኪሟ ነገሩን አስረዳኝ። እሷ የምትወስደው መድኃኒት ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርዳል፤ ምግብ ካልተከተለው መውረዱን ይቀጥላል። ላቡ፣ መንቀጥቀጡ፣ ግራ መጋባቱ ምልክቱ ነው። ቶሎ ጣፋጭ ነገር ካላገኘች ራሷን እስከመሳት ልትደርስ ትችል ነበር። የመንገድ ምግብ የቅንጦት ነገር ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያቺ ሚሪንዳ ትዝ ትለኛለች።

ወደ ባቡሩ ልመለስ።

ያን ዕለት ለገሃር አካባቢ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ ጋ ቁጭ አልኩ። እዚያ የሚያዘወትሩ አንድ አዛውንት አሉ፣ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ። ትውልዳቸው ድሬ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ በነበሩበት ጊዜ ባቡሩ ላይ ምግብ ነበር?» ስላቸው መጀመሪያ ያረሙኝ «እርስዎ»ዋን ነው። «አቦ አንተ በይኝ፣ የድሬ ልጅ አይደለሁ!» አሉኝ። (የድሬ ሰው አንቱታ አይወድም፤ እኔ ግን ሽበታቸውን እያየሁ አንደበቴ እምቢ አለኝ።) ከዚያ ሲኒያቸውን አስቀመጡና እንዲህ አሉኝ፦ «ሦስተኛ ማዕረግ ማን ያበስልለታል? ባቡሩ አያበስልም ልጄ። የሚያበስለው ጣቢያው ነው።»

ይቺ አባባል ከእኔ ጋር ቤት ድረስ መጣች። እውነታቸውን እኮ ነው።

ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ለመድረስ ግን እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጅቶበታል። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር። አሁን የምናየው የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ ኅዳር 1922 ዓ.ም. ነው፤ «ለገሃር» የሚለው ስም ራሱ «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ፣ «ጣቢያው» ከማለት የመጣ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ነው። አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራሉ። ለዚህ ነው አዋሽ ጣቢያው አጠገብ ቡፌ ዳዋሽ የተሠራው። መንገደኛው ወርዶ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ጠዋት ይቀጥላል። አዲስ አበባም ላይ ቡፌ ደ ላ ጋር ነበረ፤ እሱን የመሐል ከተማ ሰው ከምግቡ ይልቅ በሙዚቃው ያስታውሰዋል። ሁለቱም ከጣቢያው ጎን የኖሩ ናቸው። ያኔ ሀዲድ የዘረጋ ሰው ሰው እንደሚርበውም አስቦ ነበር ማለት ነው።

ግን ቡፌው ገንዘብ ላለው ነው። እኔ የማስታውሰው የሌላውን ሰው ባቡር ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ይመስለኛል፣ ገና ልጅ ሆኜ ከአያቴ ጋር ነው የሄድኩት። መስኮቱ ክፍት ነው። ባቡሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ጣቢያ ሲገባ ከሩቅ ድምፅ ይሰማል፣ «እንቁላል! እንቁላል! ሻይ! ውሃ!» ሴቶቹ ሰፌድ ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ከፉርጎው ጎን ጎን ይሮጣሉ። አያቴ በመስኮት እጇን ትዘረጋለች። ቅቅል እንቁላሉ ገና ትኩስ ነው። ከሱ ጋር ሚጥሚጣ ይሰጣል፤ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት፣ ልክ እንደ ትንሽ ቀንድ ተጠቅልላ። አንዴ ወረቀቱን ስፈታው የሆነ ልጅ የሠራው የመደመር ሒሳብ አየሁና ሚጥሚጣውን ረስቼ መልሱ ልክ መሆኑን ማሰላት ጀመርኩ።

በሰቃ ሐይቅን አልፈን መተሐራ ስንደርስ ሸንኮራ ነው። በፋብሪካው የሸንኮራ ማሳ መሐል ያደገ ከተማ ምን ሊሸጥ? ሸንኮራ ስንመጥ ነው አዋሽ የምንደርሰው። ከአዋሽ በኋላ ምድሩ ይለወጣል፤ ሙቀቱ ይመጣል፣ የሚሸጠውም ይለወጣል። ሚኤሶ አካባቢ የግመል ወተት አለ፣ ዕቃው በጭስ ስለሚታጠን ወተቱ ራሱ ጭስ ጭስ ይላል። አያቴ አትጠጣውም፣ እኔ ግን ወደድኩት። ኤረር ስንደርስ ብርቱካን። ጣቢያ በመጣ ቁጥር ያገሩን ምግብ በመስኮት እየተቀበልን ነው የሄድነው። ድሬ ስንገባ ሆዴ ግማሹን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ይዟል።

ያ ባቡር ምቹ ነበር እያልኩ አይደለም። ወንበሩ ደረቅ ነበር፣ ሰውም ዕቃም ሞልቶት ነበር፣ ረጅም ሰዓት ይፈጅ ነበር። ግን ማንም ሰው ተርቦ አይደርስም ነበር።

ይሄ ነገር በዓለም ዙሪያ እንዴት እንደተፈታ ሰሞኑን ሳነብ ነበር፤ የጋሼን ነገር የሚያጠናክር ብዙ አገኘሁ። አሜሪካኖቹ በድሮ ዘመን የእናቴን አውቶቡስ የመሰለ ችግር ነበረባቸው። ባቡሩ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይቆማል፣ ሰው ይሮጣል፣ ምግቡ ሳይደርስ ፊሽካው ይነፋል። በ1868 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ፑልማን የሚባለው ሰው ዴልሞኒኮ የሚል ስም የሰጠውን የምግብ ቤት ፉርጎ ሠራ። ያ የሀብታሙ መፍትሔ ነው። እኔን የሳበኝ ግን ሌላኛው ነው። ፍሬድ ሃርቪ በ1876 እ.ኤ.አ. ካንሳስ ውስጥ ቶፒካ ጣቢያ ላይ ምግብ ቤት ከፈተ። የባቡሩ ሠራተኞች ከመድረሳቸው በፊት ስንት ሰው እንደሚበላ ይቆጥሩና በቴሌግራም ወደ ፊት ይልካሉ። ባቡሩ ሲደርስ ምግቡ ተዘጋጅቶ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቃል። ደቂቃው ያው ነው፣ ሰው ግን በልቶ ይነሳል።

እስቲ አስቡት። መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ነው። የእኛ አውቶቡስ ረዳት ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ከዚያ ቴሌግራም ስንት እጥፍ ይሻላል። «አሥራ አራት ጾም፣ ሃያ ፍስክ፣ አንድ ስኳር ያለባቸው እናት» ብሎ መደወል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጃፓኖች ደግሞ ኤኪቤን አላቸው። «ኤኪ» ጣቢያ ማለት ነው፣ «ቤን» ከቤንቶ፣ ማለትም ከምሳ ዕቃ የመጣ። ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው የመጀመሪያው በ1885 እ.ኤ.አ. ኡትሱኖሚያ ጣቢያ ላይ የተሸጠ ነው፤ በቀርከሃ ቅጠል የተጠቀለለ ሁለት የሩዝ ድብልብልና በጨው የተዘፈዘፈ ራዲሽ። ዛሬ እያንዳንዱ አካባቢ የራሱን ዓይነት በሳጥን አሽጎ ጣቢያው ላይ ይሸጣል። የሚገርመው፣ በቶኪዮና በኦሳካ መካከል የሚመላለሰው ፈጣን ባቡር ላይ በጋሪ እየዞሩ መሸጥ በመደበኛ ፉርጎዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ሲቆም እንኳ የጣቢያው ምሳ ዕቃ አልቆመም። በባቡር ላይ ማብሰል ውድ ነገር ነው። አንድ ፉርጎ ሙሉ ለወጥ ቤት ሲሰጥ በሱ ቦታ ሊቀመጥ የሚችል መንገደኛ ይቀራል፤ አብሳይ ይቀጠራል፣ ውሃ ይጫናል፣ የተረፈው ይደፋል። ጣቢያ ላይ ማብሰል ግን ማንም ድሃ አገር የሚችለው ነው።

ሕንዶቹ ከሁሉም ለእኛ ይቀርባሉ ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም እነሱም እንደኛ ማን ምን እንደሚበላ በሃይማኖት የተከፋፈሉ ናቸው። ምግብ ከትኬቱ ጋር በሚታሰብባቸው ባቡሮች ላይ ገና ትኬት ሲቆረጥ ሥጋ ትበላለህ ወይስ አትክልት ብቻ ተብሎ ይጠየቃል። በስልክ አዝዞ ምግቡን የሚቀጥለው ጣቢያ ላይ ወንበሩ ድረስ የሚያመጡለትም አለ። መኖሩ የሚያስቀና ነገር ነው።

አሁን ወደኛው አዲስ መስመር። ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ የሚዘልቀው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው፣ መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው። ትልቅ ሥራ ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ ወጣ ብለው ነው የተሠሩት። ሀዲዱም በድሮው ላይ አይደለም የሄደው። አየር ማቀዝቀዣ ያለው ባቡር ደግሞ መስኮቱን ዘግቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ያቺ ሰፌድ የተሸከመችው ሴት ከባቡሩ ጋር የምትገናኝበት መንገድ የለም። ከተማው እዚያ፣ ጣቢያው እዚህ፣ መንገደኛው ከመስታወት በስተጀርባ።

እኔ ያቺን ሴት መልሷት ነው የምለው። መስኮቱን ክፈቱት አልልም፤ ሙቀቱም አቧራውም አለ፣ በሚሄድ ባቡር ጎን መሮጥም አደጋ ነው። ግን አዳማ ላይ፣ አዋሽ ላይ ንጹሕ መደብ ቢሠራላቸው፣ የጤና ምርመራ ኖሯቸው፣ ሽርጥ ለብሰው፣ ምሳውን አሽገው ቢያቀርቡ ምን ይከብዳል? ትኬት ሲቆረጥ ጾም ነው ፍስክ ነው ተብሎ ይመዝገብ። ቁጥሩ ከሌሊቱ በፊት ለአዳማ ይድረስ። አዳማ ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ጠዋት የተነሳ ባቡር እዚያ የሚደርሰው ምሳ ሳይደርስ ነው። ትኩሱን እዚያ መጫን ነው።

ለምን ከአዲስ አበባ አይጫንም ለሚለኝ፣ ሙቀቱ ነው ምክንያቱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አዋሽ 1000 ሜትር ገደማ። ጠዋት ጋቢ ለብሶ የተሳፈረ ሰው አዋሽ ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል። ምግቡም ያው ነው የሚሆነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥ ይላል፤ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ይሁን፣ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ። ከሌሊት ጀምሮ ፌስታል ውስጥ የታፈነ ሽሮ አዋሽ ሲደርስ ምን እንደሚሆን የቀመሰ ያውቀዋል። አያቶቻችን ይሄን ያለ ቴርሞሜትር ገብቷቸው ነበር። የመንገድ ስንቅ ምን እንደሆነ እዩ፤ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። ውሃ የሌለው ነገር ነው ሁሉም። አይሻግትም፣ አይፈስም፣ ሆድ ይይዛል። ባቡር ላይ ከቺፕስና ከብስኩት ይልቅ በንጹሕ ከረጢት የታሸገ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ቢሸጥ እኔ የመጀመሪያዋ ገዢ ነኝ።

ስለ ጾሙ ትንሽ ላቆያችሁ፣ ምክንያቱም ሁሌም እንደ ትርፍ ነገር ነው የሚታየው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ዐቢይ ጾም አለ፣ ፍልሰታ አለ፤ ብንደምረው የዓመቱን ግማሽ ያህል ነው። በዚያ ላይ ይሄ መስመር የሚሄደው ወደ ምሥራቅ ነው። አንድ ፉርጎ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ እርዱ ደግሞ ለየብቻ ነው። ፍስክ ይቅረብ ከተባለ የማን እርድ እንደሆነ በግልጽ ተጽፎበት መሆን አለበት፤ ሰውን እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ በግምት ማስገባት ነውር ነው። ሁሉም አብሮ የሚበላው ግን አለ። በያይነቱ። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ። ጿሚውም፣ ሙስሊሙም፣ ሥጋ የማይበላው ፈረንጅም እኩል እጁን የሚሰድበት ሌላ ምን አለን? የዚህ ባቡር ዋና ምግብ በያይነቱ መሆን አለበት ብዬ በጣም አምናለሁ። የጾም ምግብ ምናሌው ጫፍ ላይ «ካለ» ተብሎ የሚጠየቅ መሆኑ ይብቃ።

እንጀራ ከመጣ ደግሞ እጅ አለ። በእጃችን ነው የምንበላው። ከምግብ በፊት እጅ መታጠቢያ፣ ከምግብ በኋላ እጅ መታጠቢያ። የፈረንጅ ባቡር ሹካ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ እጅ መታጠቢያው ሽንት ቤት ውስጥ ያለች ትንሽ ነገር ናት። ለእኛ ከሽንት ቤቱ ውጪ፣ ፉርጎው ጫፍ ላይ፣ ውሃውም ሳሙናውም የማያልቅ መታጠቢያ ያስፈልጋል። ካልሆነ የድሮው መንገድ አለ፤ አንድ አስተናጋጅ ማስታጠቢያና ጆግ ይዞ በመተላለፊያው ይለፍ። ድግስ ላይ አምስት መቶ ሰው የምናስታጥብ ሰዎች ነን፣ አንድ ፉርጎ አያቅተንም።

ስለ ሽንት ቤቱ ብዙ አላወራም። ውሃ ይኑረው፣ መብራት ይኑረው፣ በሩ ይዘጋ፣ በየሁለት ሰዓቱ የሚያየው ሰው ይመደብ። ይሄ ብቻ ቢሟላ የአያቴ ሕግ ይሻራል። አንዲት የስልሳ ዓመት ሴት መንገድ ላይ ያለ ሐሳብ ውሃ ትጠጣለች። ባቡር ከአውቶቡስ የሚበልጥበት ትልቁ ነገር እኮ ይሄ ነው! ተነስቶ መሄድ ይቻላል። የሚያብጥ እግርን ማፍታታት ይቻላል። ሹፌር መለመን የለም።

መኝታ ያላቸው ፉርጎዎች ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የታችኛው አልጋ ለሽማግሌ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ይሁን። ሰው በራሱ ጨዋነት ይለቃል፣ አውቃለሁ፤ ግን አንዲት እናት ቆማ እስክትታይ መጠበቅ የለባትም። ትኬቱ ላይ ከመጀመሪያው ይጻፍላት።

ቡናውስ? ባቡር ላይ ከሰል አይነድም፣ አይገባምም። ግን ጣቢያው ላይ ተፈልቶ በፔርሙዝ ቢገባ ማንም አይቀየምም። ሩሲያ ውስጥ እያንዳንዱ ፉርጎ ጫፍ ላይ ሳሞቫር አለ ይባላል፣ ሻዩ የብረት መያዣ ባለው ብርጭቆ ይቀርባል። ቻይናም በየፉርጎው የፈላ ውሃ አለ። ሻይ ቅጠሉን ይዞ የሄደ ሰው ሻይ አያጣም ማለት ነው። የፈላ ውሃ ያለበት ባቡር ላይ የሕፃን ወተት ይበጠበጣል፣ በሶ ይበጠበጣል፣ አጥሚት ይሠራል። አንዲት የፈላ ውሃ ቧንቧ ስንት ሰው ታሳርፋለች!

እና አሁን ወደ ዋናው ነገሬ መጣሁ።

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ነው የሚባለው እኛ ጋ። አጠገባችን ሰው እያለ ዳቦ እንኳ ስንቆርስ «እንብላ» እንላለን። ይሄን የማናውቀው ሰው ፊት ሳንል ብንጎርስ ይተናነቀናል። አውቶቡስ ላይ ሁሉም ወደ ፊት ነው የሚያየው፤ ያለህ የፊተኛው ሰው ማጅራት ነው። ባቡር ላይ ግን ፊት ለፊት የሚያገናኝ መቀመጫ አለ፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ። ከአያቴ ጋር በሄድኩበት ጉዞ ፊት ለፊታችን አንድ ሶማሌ አባትና ሁለት ልጆቹ ነበሩ። ቋንቋ አልተግባባንም ማለት ይቻላል። አያቴ ድፎ ዳቦዋን ከነጠላዋ ውስጥ ፈታች፣ ቆረሰች፣ «እንብላ» አለች። ሰውዬው ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ አመሰገነ። ተቀበለ። ከዚያ ከዘንቢሉ ቴምር አወጣና መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥሎ ለአያቴ፣ በመጨረሻ ለልጆቹ ሰጠ። ድሬ ስንደርስ ሻንጣችንን ያወረደልን እሱ ነው።

ስለዚህ የባቡር ምቾት ሲባል እኔ የማስበው የተለበጠ ወንበር ብቻ አይደለም። ማዕዱ ለሁለት የሚበቃ፣ ጠረጴዛው ሰፋ ያለ፣ ለአንድ ሰው በተዘጋ ፕላስቲክ ብቻ ያልተቆራረጠ ምግብ ይኑር። የሁለት ሰው በያይነቱ፣ የአራት ሰው በያይነቱ ተብሎ ይሸጥ። ከአገር ቤት ስንቁን ይዞ የመጣ ሰውም «ከውጭ ምግብ ክልክል ነው» አይባል። ስንቅ የሚያቀብል እጅ አብሮ ነው የሚጓዘው።

የቡናው ሒሳብ ላይ ጋሼን «በሚቀጥለው ሳምንት ድሬ እሄዳለሁ፣ ምን ላምጣልዎት?» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አሰቡ። «ሙሸበክ» አሉ። «ግን ከዚያው ብትበዪው ይሻላል፣ እዚህ ሲደርስ ይለሰልሳል። ለእኔ መንደሪን አምጪልኝ።»

ዝግጅቴን ጀምሬያለሁ። ለአራሷ የገብስ ገንፎ ዱቄትና ቅቤ። ለመንገድ አንድ ኪሎ ዳቦ ቆሎ፣ አሥራ ሁለት ቅቅል እንቁላል፣ ሚጥሚጣ በወረቀት። ብቻዬን ነኝ፣ ግን ለአራት ሰው ይበቃል። እናቴ ደግሞ ትናንት ማታ ደውላ ያቺን ምክር ልትደግምልኝ ስትል አስቆምኳት። ሁለት ሊትር ውሃ ገዝቻለሁ አልኳት። ባቡሩ የሚነሳበት ፉሪ ለቡ ጣቢያ ሳልደርስ እጀምረዋለሁ።